ማሽኑ የጀማሪውን ሥራ ከወሰደ ባለሙያው ከየት ይመጣል?

በአንድ የኢንተርኔት የውይይት መድረክ ላይ ክሩን (የውይይት መስመሩን) የከፈተው አባል በአንድ መካከለኛ ድርጅት የሒሳብ ክፍል ኃላፊ ነው። ያቀረባቸው ጥያቄዎች ሁለት ሲሆኑ አንዱ ከሌላው ጋር ስለተሳሰረ ማንም ለየብቻ ሊመልሳቸው አልቻለም። ድርጅቱ ደረሰኝ የሚያነብ፣ ወደ መዝገብ የሚያስገባና የባንክ ስቴትመንትን ከመዝገቡ ጋር የሚያስታርቅ፣ ማለትም ሁለቱ መግጠማቸውን የሚያጣራ ሶፍትዌር ካስገባ ከዓመት በላይ ሆኖታል። አመራሩ በዚያው የሰው ኃይል የሚሠራው ሥራ በእጅጉ ይጨምራል ብሎ ጠብቆ ነበር፤ ሆኖም የወሩን ሒሳብ አጠናቅቆ ለመዝጋት የሚፈጀው ጊዜ እንደ ቀድሞው ነው፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያውም አልቀነሰም። የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ለምን ሆነ የሚል ነው። ሁለተኛው ይከብዳል፤ ሶፍትዌሩ የተረከበው ቀድሞ ለአዳዲስ ተቀጣሪዎች ይሰጥ የነበረውን ሥራ በመሆኑ ክፍሉ ጀማሪ መቅጠር አቁሟል። ዛሬ ያሉት ነባር ሠራተኞች ጡረታ ሲወጡ የሚተካቸው ሰው ሙያውን የት ተምሮ ይመጣል? ጠያቂው ራሱ ያዘነበለው ዩኒቨርሲቲዎች ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መሥራት የሚችል ሰው አዘጋጅተው ማውጣት አለባቸው ወደሚለው ሐሳብ ነበር።

ክሩ 28 ምላሾችን አስተናግዷል። የክርክሩን አካሄድ በራሴ አገላለጽ እተርካለሁ፤ ጉዳዩ በቅርብ የሚያሳስበኝ በመሆኑም የማምንበትን ሳልሸሽግ ነው። የሚጠቀሱት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው መላሽ በትሕትና ጀምሮ ጠያቂውን ለማረጋጋት ሞከረ። ኢኮኖሚስቱ ሮበርት ሶሎ በ1987 የኮምፒውተር ዘመን በየቦታው እየታየ በምርታማነት (በአንድ የሥራ ሰዓት በሚገኝ ምርት) አኃዝ ላይ ግን አለመታየቱን መታዘቡን አስታወሰ። በአሜሪካ የምርታማነት ዕድገት ጎላ ብሎ የታየው ከ1990ዎቹ አጋማሽ እስከ 2004 ገደማ ባለው ጊዜ፣ ማለትም ኮምፒውተር ቢሮዎችን ከሞላ ከብዙ ዓመታት በኋላ መሆኑንም ጨመረ። በእርሱ እይታ አንድ ዓመት ለመፍረድ አይበቃም። 2ኛዋ መላሽ ግን መጠበቅ ብቻውን ምንም እንደማያመጣ በአጭሩ ገልጻ ቁልፍ የሆነውን ጥያቄ አነሳች፦ ሶፍትዌሩ ሲገባ የሥራው ቅደም ተከተል አብሮ ተለውጧል ወይስ አዲሱ መሣሪያ በአሮጌው አሠራር ላይ ተጨምሯል?

ለዚህ ጥያቄ የተሟላ መልስ የሰጡት 3ኛው መላሽ ናቸው። ዕድሜያቸውን በፋብሪካ ጥገና ያሳለፉ ጡረተኛ መሐንዲስ ሲሆኑ ምላሻቸው ረጅም ነበር፤ ደግሜ አንብቤዋለሁ። መነሻቸው ኢኮኖሚስቱ ፖል ዴቪድ በ1990 ያሳተመው ስለ ኤሌክትሪክና ስለ ኮምፒውተር የሚያነጻጽር ጥናት ነው። ቶማስ ኤዲሰን በለንደንና በኒው ዮርክ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ጣቢያ ያስጀመረው በ1882 ነው፤ ይሁን እንጂ በ1900 አካባቢ የአሜሪካ ፋብሪካዎች ማሽኖቻቸውን ለማንቀሳቀስ ከተጠቀሙበት ኃይል ውስጥ ከኤሌክትሪክ ሞተር የተገኘው 5 ከመቶ ገደማ ብቻ ነበር። ግማሹን ለመሻገር እስከ 1920 አካባቢ መቆየት ግድ ሆኗል።

መሐንዲሱ ምክንያቱን በሙያቸው ቋንቋ አብራሩት። በእንፋሎት ዘመን አንድ ትልቅ ሞተር ከጣሪያው ሥር ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ የብረት ዘንግ ያዞራል፤ እያንዳንዱ ማሽን ከዚያ ዘንግ በፑሌጃና በቺንጋ ኃይል ይቀበላል። አንዲት መሰርሰሪያ ብቻ ለማሠራት ዘንጉ በሙሉ መዞር አለበት፤ ዋናው ቺንጋ ሲበጠስ ደግሞ በዚያ መስመር ያለው ሰው ሁሉ እጁን አጣጥፎ ይቆማል። ማሽኖች የሚደረደሩት ዕቃው በሚሠራበት ቅደም ተከተል ሳይሆን ለዘንጉ በሚመቸው ቦታ ነው፤ ኃይሉ ከራቀ ስለሚባክንም ሕንፃው ወደ ጎን ከመስፋት ይልቅ ፎቅ በፎቅ ላይ ይደራረባል። ኤሌክትሪክ ሲመጣ ብዙዎቹ ባለፋብሪካዎች የእንፋሎቱን ሞተር አንሥተው በምትኩ አንድ ትልቅ የኤሌክትሪክ ሞተር አስቀመጡ፣ ዘንጉንና ቺንጋውን ግን እንዳለ ተዉት። ያገኙት ጥቅምም ትንሽ ነበር። ትልቁ ለውጥ የመጣው እያንዳንዱ ማሽን የራሱ ሞተር ሲኖረው፣ ፋብሪካው ባለ አንድ ፎቅ ሆኖ ሲሠራና ማሽኖቹ በዕቃው ጉዞ መሠረት ሲደረደሩ ነው።

ከዚህ ቀጥለው መሐንዲሱ ከራሳቸው የሥራ ዘመን አንድ ነገር አከሉ። እርሳቸው በነበሩበት አንድ ፋብሪካ ማሽኖች እንደገና ሲደረደሩ ዕቅዱን ያወጡት በቢሮ ያሉ ሰዎች ነበሩ፤ የመጀመሪያው አደራደር ሥራውን ከማፋጠን ይልቅ አጓተተው። በኋላ ጋሪ የሚገፉት ሠራተኞች ተጠይቀው ዕቃው በየትኛው መታጠፊያ እንደሚከማችና የትኛው በር ሁልጊዜ እንደሚዘጋ ሲናገሩ ነው አደራደሩ የተስተካከለው። ይህን ነጥብ ብዙዎች ሳያስተውሉት አልፈዋል፤ እኔ ግን የክሩ መሠረት ነው ብዬ አምናለሁ። ምርታማነትን የሚያሳድገው ሥራው በአዲሱ መሣሪያ ዙሪያ እንደገና ሲዋቀር ነው፤ ለማዋቀር የሚያስፈልገው ዕውቀት ደግሞ በአብዛኛው የሚገኘው ቀድሞ ቅነሳ በሚያሰጋቸው ሰዎች ዘንድ ነው።

ክሩን የከፈተው ኃላፊ በ4ኛው ምላሽ ተመልሶ መጥቶ በእርሱም ክፍል ዘንጉ እንዳልተነሣ አረጋገጠ። ሶፍትዌሩ ያስታረቀው ሒሳብ አሁንም ይታተማል፣ ሦስት ሰዎች ይፈርሙበታል፣ ከዚያም በፋይል ይቀመጣል። ፊርማዎቹ የተደነገጉት መዝገብ በእጅ ይጻፍ በነበረበት ጊዜ ስሕተት ለመቆጣጠር ነው፤ ዛሬ ከሦስቱ ፈራሚዎች ሁለቱ ወረቀቱን ሳያነቡ እንደሚፈርሙ ሁሉም ያውቃል።

በ5ኛው ምላሽ የውይይቱ ቃና ተለወጠ። መላሹ የቀረበው ታሪክ ሁሉ ከላይ ሆኖ የተጻፈ መሆኑን በምሬት ገለጸ፤ ምርታማነት ከ40 ዓመት በኋላ እንደሚያድግ መናገር ዛሬ ለሚቀነሰው ሠራተኛ ምን ይፈይዳል ሲልም ጠየቀ። በእንግሊዝ ከ1811 ጀምሮ የሹራብና የጨርቅ ሠራተኞች ማሽን የሰበሩት አላዋቂ ስለሆኑ እንዳልነበረ፣ ደመወዛቸውና የሙያቸው ክብር ሲወድቅ የሚሰማቸው ስላጡ እንደሆነ አስረዳ፤ ፓርላማው የሰጠው መልስም በ1812 ማሽን መስበርን በሞት የሚያስቀጣ ወንጀል ማድረግ ነበር። የታሪክ ኢኮኖሚስቱ ሮበርት አለን ያሰላውን አኃዝም ጠቀሰ። በብሪታንያ ከ1780 እስከ 1840 የአንድ ሠራተኛ ምርት በ46 ከመቶ ሲያድግ እውነተኛው ደመወዝ (የዋጋ ንረት ተቀንሶ የሚሰላው) ያደገው በ12 ከመቶ ብቻ ነው። ያ ማለት አንድ ሙሉ ትውልድ ሠርቶ ትርፉን ሳያይ አልፏል። አነጋገሩ ሻካራ ቢሆንም ነገሩ እውነት ነው፤ በመድረኩ ላይ ትሕትና ማጉደሉን የነቀፉት ሁለት አባላትም አኃዙን ሊያስተባብሉ አልሞከሩም።

6ኛው መላሽ ተስፋ ሰጪውን ምሳሌ ይዞ መጣ። ኤቲኤም ለመጀመሪያ ጊዜ በለንደን ሥራ ላይ የዋለው በ1967 ነው፤ የባንክ ቴለሮች (በመስኮት ገንዘብ የሚከፍሉና የሚቀበሉ ሠራተኞች) ሥራ ያበቃለታል ተብሎም ነበር። በአሜሪካ ከ1988 እስከ 2004 ባለው ጊዜ አንድ የከተማ ቅርንጫፍ የሚያስፈልገው የቴለር ቁጥር በአማካይ ከ20 ወደ 13 ወረደ፤ ነገር ግን ቅርንጫፍ መክፈት ስለረከሰ የቅርንጫፎቹ ቁጥር ከ40 ከመቶ በላይ ጨመረ፣ የቴለሮችም ጠቅላላ ቁጥር አልቀነሰም። ሥራቸውም ገንዘብ ከመቁጠር ደንበኛን ወደማስተናገድና አገልግሎት ወደመሸጥ አዘነበለ። 7ኛዋ መላሽ ባንክ ውስጥ የሠራች በመሆኗ ይህን አክብራ ተቀብላ ሁለት እርማቶችን አቀረበች። አንደኛ፣ ቅርንጫፎቹ የበዙት በኤቲኤም ምክንያት ብቻ አልነበረም፤ ባንኮች ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው እንዳይስፋፉ የሚከለክሉት የአሜሪካ ሕጎች በእነዚያ ዓመታት መላላታቸውም አስተዋጽኦ ነበረው። ሁለተኛ፣ ታሪኩ በ2010 ቢቆም ነበር እንዲህ የሚያምረው፤ ከዚያ በኋላ ደንበኞች በስልካቸው መጠቀም ሲጀምሩ የቴለሮቹም ቁጥር መውረድ ጀምሯል። አንድ ማሽን ከሥራው ከፊሉን ሲወስድ የተረፈው ሥራ ሊበረታ እንደሚችል፣ ቀጣዩ ግን ደንበኛው ወደ ቅርንጫፉ የሚመጣበትን ምክንያት ራሱን ሊያጠፋ እንደሚችል በግልጽ አሳየች።

8ኛው ምላሽ ከሁሉም ይልቅ ያሳመነኝ ነው። መላሿ ስለ ስልክ ኦፕሬተሮች የተደረገ ጥናት አጠቃልላ አቀረበች። ከ1920 እስከ 1940 ባሉት ዓመታት በአሜሪካ ኤቲ ኤንድ ቲ የተባለው ኩባንያ መስመር በእጅ የማገናኘቱን ሥራ ከተማ በከተማ በአውቶማቲክ ማዞሪያ ተካ፤ ያ ሥራ በዘመኑ ለወጣት ሴቶች ከዋና ዋናዎቹ የሥራ በሮች አንዱ ነበር። ለውጡ በየከተማው በተለያየ ጊዜ ስለተካሄደ ተመራማሪዎች ከተሞቹን በሕዝብ ቆጠራ መዝገብ ማነጻጸር ቻሉ። ውጤቱ ሁለት ገጽ አለው። ከለውጡ በኋላ ለሥራ የደረሱት ወጣት ሴቶች በአጠቃላይ ሥራ አላጡም፤ የጸሐፊነትና የምግብ ቤት ሥራዎች ቦታውን ሞሉት። በሥራው ላይ የነበሩት ኦፕሬተሮች ግን ከ10 ዓመት በኋላ ሲታዩ ከሥራ ዓለም የመውጣታቸው ዕድል ከፍ ያለ ነበር፤ የቀሩትም ዝቅተኛ ክፍያ ባላቸው ሥራዎች ላይ የመገኘታቸው ዕድል ሰፊ ሆነ። ቴክኖሎጂ ሥራ አያጠፋም የሚለውና ቴክኖሎጂ ሰውን ከእንጀራው ያፈናቅላል የሚለው ሁለቱም በአንድ ጥናት ውስጥ እውነት ሆነው መገኘታቸው ይህን ክርክር ከዚህ በኋላ በድፍኑ ልንቀጥለው እንደማንችል ያሳያል። ገበያው በአማካይ ሲያገግም አደጋው የወረደባት ሴት አላገገመችም።

ከ9ኛው እስከ 11ኛው ያሉት ምላሾች በሁለት አኃዞች ላይ የተደረገ ንትርክ ናቸውና በአጭሩ ላልፋቸው። አንዱ በ2013 የወጣውንና በአሜሪካ 47 ከመቶ የሚሆነው ሥራ በአውቶሜሽን (ሥራን ለማሽን በማስረከብ) የመተካት ከፍተኛ ሥጋት አለበት የሚለውን የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች ግምት ያዘ፤ ሌላው በ2016 ለኦኢሲዲ (በአብዛኛው የበለጸጉ አገሮች የኢኮኖሚ ትብብር ድርጅት) የተሠራውንና በአባል አገሮች በአማካይ 9 ከመቶ የሚለውን። ጥናቱን በቅጡ አላነበብክም እየተባባሉ ተወቃቀሱ። 12ኛው መላሽ ልዩነቱ የመጣው ከአቆጣጠሩ መሆኑን በሰከነ አንደበት አስረዳ። የመጀመሪያው ጥናት አንድን ሙያ እንደ አንድ ሙሉ ነገር ወስዶ ሥጋቱን ይመዝናል፤ ሁለተኛው በሙያው ውስጥ ያሉትን ልዩ ልዩ ተግባራት ይለያያል፣ አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ሁለት ሠራተኞችም ቀኑን በተለያየ ተግባር እንደሚያሳልፉ ያሰላል። በዚህ አያያዝ ማሽን አብዛኛውን ጊዜ የሚወስደው ከሥራው ውስጥ ተግባራትን እንጂ ሥራውን እንዳለ አይደለም። በተለይ የሚወስዳቸው በደንብ ሊጻፉ የሚችሉትን ተደጋጋሚ ተግባራት ነው።

እዚህ ላይ 13ኛዋ መላሽ ገባች። እነዚያ ተደጋጋሚ የተባሉ ተግባራት በውስጣቸው ምን እንደያዙ ከእርሷ በፊት ማንም አልተናገረም ነበር። ሒሳብ ያዥ ሆና ስትጀምር የተሰጣት ሥራ የመዝገቡን ገጽ ከባንክ ስቴትመንት ጋር መስመር በመስመር ማመሳከር ነበር። አሰልቺ መሆኑን አልካደችም። ነገር ግን አብራት የምትሠራው ነባር ሠራተኛ ልዩነት በተገኘ ቁጥር ቁጥሩን በ9 እንድታካፍል አስተማረቻት፤ ያለ ቀሪ ከተካፈለ ሁለት አኃዞች ቦታ ተለዋውጠው ተጽፈው ሊሆን ይችላል። 5,472 መሆን የነበረበት 5,742 ተብሎ ከተጻፈ ልዩነቱ 270 ነው፣ እርሱም 9 ጊዜ 30። ልዩነቱ ለ2 ሲካፈል በመዝገቡ ላይ ያለ አንድ ገንዘብ ከወጣ ደግሞ ያ ገንዘብ በዴቢት (በግራው ዓምድ) ፈንታ በክሬዲት (በቀኙ ዓምድ) ገብቶ እንደሆነ መፈለግ ነው። ቀስ በቀስ ቁጥሮቹን ሳይሆን ደንበኞቹን ማየት ጀመረች፤ ማን በወሩ መጀመሪያ እንደሚከፍል፣ ማን ሁልጊዜ በሁለት ከፍሎ እንደሚልክ በዓይኗ ተቀረጸ።

ሶፍትዌሩ ከገባ በኋላ የደረሰውንም ተረከች። ሁለት ደንበኞች በአንድ ሳምንት ውስጥ እኩል ገንዘብ ላኩ፤ ፕሮግራሙ የአንዱን ክፍያ በሌላው ሒሳብ ላይ አስታረቀው። ድምሩ ስለገጠመ ምንም ማስጠንቀቂያ አልታየም። እርሷ የደረሰችበት ከደንበኞቹ አንዱ በወሩ አጋማሽ ከፍሎ ስለማያውቅ ነው። ያን የሚያይ ዓይን የተሠራው አሁን ለጀማሪ በማይሰጠው ሥራ ላይ መሆኑን አስረድታ፣ አዲስ የገባች የሥራ ባልደረባዋ ፕሮግራሙ አረንጓዴ ምልክት ባሳየ ቁጥር ገጹን እንደምታልፍ፣ ይህም የልጅቷ ጥፋት እንዳልሆነ ጽፋ ደመደመች። በዚህ መድረክ ስለ አውቶሜሽን ብዙ አንብቤያለሁ፤ ጉዳዩን እንደዚህ በእጅ የሚዳሰስ ያደረገ ግን አልገጠመኝም።

14ኛው መላሽ ምስክርነቱን እያደነቀ ሌላ ማስረጃ አቀረበ። ከ5,000 በላይ በሚሆኑ የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኞች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ምላሽ የሚጠቁም የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያ ሲሰጣቸው በሰዓት የሚፈቱት የደንበኛ ችግር በአማካይ በ14 ከመቶ ጨመረ፤ በጀማሪዎችና በዝቅተኛ ክህሎት ባላቸው ላይ ጭማሪው 34 ከመቶ ሲደርስ በነባሮቹ ላይ ለውጡ ጥቂት ነበር። ስለዚህ መሣሪያው ጀማሪውን ሊያበረታው እንደሚችል ተከራከረ። 15ኛው መላሽ፣ ማለትም ያው የ5ኛው ምላሽ ጸሐፊ፣ በቁጣ ነው የመለሰለት። መሣሪያው ለጀማሪው የሚያቀብለው ዕውቀት ከየት መጣ? ከነባር ሠራተኞች ንግግር ተለቅሞ ነው። እነርሱ ለዚያ ተከፍሏቸዋል? ደግሞስ መልሱን የተቀበለ ሰው መልሱን ተምሯል ማለት ነው? የመጨረሻው ጥያቄ ላይ 14ኛው መላሽ ሳይከፋ ተመልሶ በጥናቱ ውስጥ መሣሪያው በተቋረጠበት ጊዜም ሠራተኞቹ ከቀድሞው የተሻለ ሲሠሩ መታየታቸውን ጠቀሰ፤ ስለዚህ የተወሰነ ትምህርት አለ። ስለ ክፍያው ግን መልስ አልነበረውም፤ ሌላም ሰው አልመለሰውም። መመለስ ያለበት ጥያቄ ነው።

ከዚያ ክሩ ለጥቂት ጊዜ ወደ ቤት ሆኖ መሥራት ሸሸ። 16ኛው መላሽ በአንድ የቻይና የጉዞ ኩባንያ ላይ ተደርጎ በ2015 የታተመውን ሙከራ አነሣ፤ በቤታቸው የሠሩት የስልክ አገልግሎት ሠራተኞች ውጤት በ13 ከመቶ ጨምሮ ነበር። 17ኛው በዚያው ጥናት እኩል ውጤት እያላቸው በቤታቸው የሠሩት የማደግ ዕድላቸው አንሶ መገኘቱን አስታወሰ። ስለ ትራፊክ መጨናነቅና ስለ ልጆች እንክብካቤ የሚያወራ ሐሳብም ተቀላቀለበት። 18ኛዋ መላሽ ናት ነገሩን ወደ ጥያቄው የመለሰችው፤ ነባሩ በቤቱ ሲሠራ የሚጎዳው እርሱ ሳይሆን አጠገቡ ተቀምጦ ሊማር ይችል የነበረው ጀማሪ መሆኑን ገልጻ፣ ሶፍትዌሩም ሆነ ርቀቱ የሚቆርጡት ይህንኑ ከነባሩ የመማር ዕድል እንደሆነ አመለከተች።

ስለ ትምህርት የተካሄደው ክርክር ከዚህ ተነሣ። 19ኛው መላሽ የጠያቂውን ሐሳብ ደግፎ ዩኒቨርሲቲዎች ቀጣሪው የሚፈልገውን ሶፍትዌር እንዲያስተምሩ ጠየቀ። 20ኛው መላሽ አስተማሪ ናቸው፤ ጨዋ ነገር ግን ጥብቅ መልስ ሰጡ። ተማሪው ሲመረቅ ያ ሶፍትዌር ተቀይሮ ይጠብቀዋል። የኢኮኖሚስቶቹን የክላውዲያ ጎልዲንና የሎውረንስ ካትዝን ምርምር ጠቅሰው፣ በአሜሪካ በ1910 ሁለተኛ ደረጃን የሚያጠናቅቁት ወጣቶች 9 ከመቶ ገደማ እንደነበሩና በ1940 ወደ ግማሽ እንደደረሱ፣ ትምህርቱ ሰፊና አጠቃላይ ስለነበረም ተመራቂዎቹ በየጊዜው የሚለዋወጠውን ሥራ መከተል መቻላቸውን አስረዱ። የሙያ ትምህርት ያላቸው ሰዎች በወጣትነታቸው ቶሎ ሥራ እንደሚያገኙ፣ ዕድሜያቸው ሲገፋና ቴክኖሎጂ ሲለወጥ ግን ያ ብልጫ እንደሚጠፋ ያሳየ ጥናትም አከሉ። ይህን ብለው የሙያ ሥልጠናን አላጣጣሉም፤ በጀርመን ተለማማጁ ጊዜውን ለድርጅቱና ለሙያ ትምህርት ቤቱ እንደሚያካፍል፣ አሠሪውም የማስተማሩን ድርሻ እንደሚሸከም ገልጸው፣ ድርጅቶች የራሳቸውን ድርሻ ጥለው ሙሉውን ለትምህርት ቤት ማስረከባቸውን ነው የተቃወሙት። እኔም ከእርሳቸው ጋር ነኝ። በ9 የማካፈሉን ዘዴ ክፍል ውስጥ በአንድ ሰዓት ማስተማር ይቻላል፤ የደንበኞችን አከፋፈል የሚያውቅ ዓይን ግን ከሥራው ውጭ አይበቅልም።

21ኛው መላሽ በሠራተኛ ማኅበር ውስጥ የተደራደሩ ሰው ናቸው። የ1960ውን የአሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ ወደቦች ስምምነት አነሡ። የመጀመሪያው የኮንቴይነር ጉዞ በ1956 ከተካሄደ በኋላ የወደብ ሥራ ከሥሩ እንደሚለወጥ ሲታይ፣ በሃሪ ብሪጅስ የሚመራው የወደብ ሠራተኞች ማኅበር ማሽኑን ከመከልከል ይልቅ ከትርፉ ድርሻ ጠየቀ፤ አሠሪዎቹ ለፈንድ ገንዘብ አዋጡ፣ ቀድሞ ጡረታ ለሚወጡ ተከፈለ፣ የተመዘገቡ ሠራተኞች በማሽን ምክንያት እንዳይቀነሱ ዋስትና ተሰጠ። 22ኛው መላሽ ለጠቅላላው ስምምነት ያለውን አክብሮት ገልጾ፣ ዋስትናው የሸፈነው ሙሉ አባላትን እንደሆነ፣ ዝቅተኛ ምድብ ላይ የነበሩትና በየዕለቱ ሥራ የሚጠብቁት ሰዎች ግን ከዚያ ጥበቃ ውጭ መሆናቸውን አመለከተ። ይህ እርማት ለክሩ ጥያቄ የቀረበ ነው። ነባሮችን ብቻ የሚጠብቅ ስምምነት በሩን በጀማሪው ላይ ሊዘጋ ይችላል፤ ጀማሪው ገና አባል ስላልሆነም በድርድሩ ጠረጴዛ ላይ የሚናገርለት የለም።

ከዚያ ያልጠበቅኩት ሐቀኛ ምላሽ መጣ። 23ኛው መላሽ የአነስተኛ ድርጅት ባለቤት ሲሆን ጀማሪ መቅጠር ያቆመበትን ምክንያት ሳይሸፋፍን ጻፈ። ሁለት ዓመት ያስተማረው ሰው ሥራውን ሲለምድ የተሻለ ደመወዝ የሚከፍል ትልቅ ድርጅት ይወስደዋል፤ ያስተማረው ይከስራል፣ ያላስተማረው ያተርፋል። 24ኛዋ መላሽ መፍትሔው ወጪውን ለሁሉም ማካፈል መሆኑን ገልጻ፣ ብሪታንያ ከ2017 ጀምሮ ዓመታዊ የደመወዝ ወጪያቸው ከ3 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ የሆኑ አሠሪዎች ከዚያ 0.5 ከመቶውን ለተለማማጆች ሥልጠና እንዲያዋጡ ማድረጓን በምሳሌነት አቀረበች። 25ኛው መላሽ ግን ከዚያ ሕግ በኋላ አዲስ የሚጀምሩ ተለማማጆች ቁጥር መውረዱንና ከገንዘቡ ብዙው ቀድሞውኑ ሥራ ላይ ላሉ ሰዎች ከፍተኛ ሥልጠና መዋሉን አሳወቀ። መዋጮ መሰብሰብ ብቻውን አይበቃም፤ ገንዘቡ ለማን መዋል እንዳለበት ካልተጻፈ አሠሪው ወደሚቀለው ይወስደዋል።

በ26ኛው ምላሽ ክሩን የከፈተው ኃላፊ የወሰነውን ይዞ ተመለሰ። ከሦስቱ ፊርማዎች ሁለቱ እንዲቀሩ ለአመራሩ ያቀርባል። ጀማሪ ሠራተኛ እንዲቀጠር ይጠይቃል፤ አዲሱ ተቀጣሪም በመጀመሪያዎቹ ወራት የተዘጋ ወር ፋይል ተሰጥቶት በእጁ ያስታርቃል፣ ውጤቱን ከሶፍትዌሩ ጋር ያነጻጽራል፣ በተለያዩበት ቦታ ሁሉ ከነባር ሠራተኛ ጋር ተቀምጦ ምክንያቱን ይፈልጋል። ዕቅዱ ጥሩ ነው፤ ከ13ኛዋ መላሽ ምስክርነት በቀጥታ እንደተቀዳም ራሱ ገልጿል።

27ኛው ምላሽ የዚያችው የ13ኛዋ መላሽ ነበር። ምርታማነት የሚለካው ምርቱን ለሥራው ሰዓት በማካፈል ከሆነ፣ እርሷ ጀማሪዋን የምታስተምርበት ሰዓት በአካፋዩ ላይ ይጨመራል፣ በምርቱ ላይ ግን ምንም አይጨምርም፤ የወሩ ሪፖርት ሲወጣ ያስተማረችበት ወር የሰነፈችበት ወር ሆኖ ይታያል። ኃላፊው በሪፖርቱ ላይ ለማስተማሪያ ሰዓት የተለየ ዓምድ እንደሚያስገባ ቃል ገባላት። በ28ኛው ምላሽ የ5ኛው ጸሐፊ እንደገና መጣ፤ በዚህ ጊዜ ያለ ቁጣ። በጀት ሲጠብ በመጀመሪያ የሚሰረዘው ያ ዓምድ እንደሚሆን አስጠንቅቆ፣ የማስተማሪያው ሰዓት በኃላፊው በጎ ፈቃድ ላይ ከሚንጠለጠል በኅብረት ስምምነቱ ውስጥ እንዲገባ፣ ለአስተማሪዋም በክፍያ እንዲታሰብላት ጠየቀ። ኃላፊው ይህን ብቻውን መወሰን እንደማይችል፣ ነገር ግን ለሚቀጥለው ድርድር ጥያቄው በጽሑፍ እንዲቀርብ እንደሚደግፍ አስታውቋል።